ፓወር ሰፕላዩ 12.5 ይላል፣ ፍሪጁ ግን ይጠፋል

ፍሪጁ በባጃጅ ተጭኖ ድሬዳዋ ወዳለው የጥገና ሱቃችን መጣ። ባለቤቷ ከመልካ ጀብዱ የመጡ እናት ናቸው። ቀዝቃዛ ውሃና ለስላሳ ይሸጣሉ። ፍሪጁ በሶላር ባትሪ የሚሠራ፣ ትንሽ የ12 ቮልት ፍሪጅ ነው። የድሬዳዋን ፀሐይ የሚያውቅ ሰው፣ እዚያ መንገድ ዳር ቀዝቃዛ ውሃ ማጣት ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

«አቦ ልጄ፣ ይነሳል፣ ወዲያው ይጠፋል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይነሳል፣ ይጠፋል» አሉኝ። «ውሃ ካቀዘቀዘልኝ ሁለት ሳምንት ሆነው።»

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለ ፍሪጁ ብዬ አይደለም። ፍሪጁ ምንም አልሆነም ነበር። የታመመው የእኛ ጠረጴዛ ነው። በትክክል ለመናገር፣ ከፓወር ሰፕላያችን (ለምንፈትሸው ዕቃ የፈለግነውን ቮልት ከሚሰጠን ማሽን) ቀይና ጥቁር ተርሚናል፣ ማለትም ገመድ ማሰሪያ፣ የሚነሱት ሁለት ገመዶች። እነሱን ሳንጠረጥር አሥራ አንድ ቀን አቃጠልን፣ የማያስፈልግ ዕቃም ገዛን። እንደኔ ጠረጴዛው ላይ ፓወር ሰፕላይ ያለው ሁሉ ይህን ታሪክ ቢያነበው ደስ ይለኛል።

የፍሪጁ ኮምፕሬሰር ዳንፎስ ቢዲ 35 ኤፍ ነው። ሶላር ላይ የሚሠራ ባለሙያ በደንብ ያውቀዋል። ጎኑ ላይ አንድ የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያ አለው። መቆጣጠሪያው ባትሪው እንዳይሞት ቮልቱን ይጠብቃል። በ12 ቮልት ሲሠራ፣ ምንም ካልተቀየረለት፣ ቮልቱ ከ10.4 ሲወርድ ኮምፕሬሰሩን ያቆማል። ተመልሶ 11.7 ሲደርስ እንደገና ያስነሳል። ትንሽ ኤልኢዲ ከታሰረለት ደግሞ ችግሩን በብልጭታ ይናገራል። አንድ ብልጭታ «ቮልቱ አልበቃኝም» ማለት ነው። ሁለት ብልጭታ የፋን ችግር፣ ሦስት ደግሞ ሞተሩ መነሳት አቃተው ማለት ነው።

ኤልኢዲ አሰርንለት። ፓወር ሰፕላዩን 12.5 ላይ አደረግን። ኮምፕሬሰሩ ተነሳ፣ ጥቂት ሰከንድ ሠራ፣ ቆመ። ኤልኢዲው አንድ ጊዜ ብልጭ አለ። ትንሽ ቆይቶ ያንኑ ደገመ። እናትየው እንደነገሩን ቁርጥ ያው ነው።

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ስክሪኑን እያሳየኝ «አቦ ቮልቱ እኮ አለ! 12.5 ነው። ይሄ መቆጣጠሪያ ቮልት ማንበብ አቅቶታል» አለ። እኔም ተስማማሁ። ለማረጋገጥ ብዬ ቴስተር አውጥቼ መቆጣጠሪያው እግር ላይ ለካሁ። እሱም 12.5 አለ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ስህተቴ እዚህ ላይ ነበር፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። የለካሁት ኮምፕሬሰሩ ቆሞ ሳለ ነው። ኮምፕሬሰሩ ሲቆም በገመዱ ውስጥ የሚያልፍ አምፒር የለም ማለት ይቻላል። አምፒር ከሌለ ገመዱ የቱንም ያህል ቢበላሽ ቮልት አይጎድልም። በጠባብ ቧንቧ ውስጥ ያለ ውሃ ቧንቧው ሲዘጋ ግፊቱ ሙሉ ሆኖ ይታያል፤ ስትከፍተው ነው ጠብ ጠብ የሚለው። መለካት የነበረብኝ ኮምፕሬሰሩ እየሠራ ባለባት በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ነበር።

ልጁም ገመዶቹን ፈትሿል። ቴስተሩን ድምፅ ላይ አድርጎ ጫፍና ጫፋቸውን ነካ፣ ፒፕ አለ። «ገመዱ ደህና ነው» አለ። ግን አብዛኛው ቴስተር 20 እና 30 ኦም ላይም ፒፕ ይላል። እኛን ያሠቃየን ከግማሽ ኦም በታች ነው። ፒፕ ማለት ገመዱ አልተበጠሰም ማለት ነው፣ ሌላ ምንም ማለት አይደለም። በኦም መለካትም እዚህ ላይ ብዙ አይረዳም፤ የቴስተሩ የራሱ ገመዶች ብቻቸውን 0.2 ወይም 0.3 ኦም ያሳያሉ።

እናም መቆጣጠሪያ ከአዲስ አበባ አዘዝን። ዘጠኝ ቀን ጠበቅን። እናትየው በየሁለት ቀኑ ይደውላሉ። ዕቃው መጣ፣ ገጠምነው፣ ፓወር ሰፕላዩን ከፈትን። ተነሳ፣ ቆመ፣ አንድ ብልጭታ።

ያኔ ልጁ ተናዶ ቮልቱን ወደ 14.5 ከፍ አደረገው። ፍሪጁ ተነሳ። አልቆመም። እያቀዘቀዘ ሄደ። ሁለታችንም ደስ አለን፤ «ትንሽ ቮልት ይፈልጋል ማለት ነው» ተባብለን ቡና አዘዝን። ቡናው ሳያልቅ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። የፓወር ሰፕላዩ ቀይ ተርሚናል ቆብ ለስልሷል። በጣቴ ስነካው እጄን መለሰኝ።

ቮልት ከፍ አድርጎ ማለፍ ብዙ ቦታ የማየው ልማድ ነው፤ እኔ በጣም እፈራዋለሁ። ኮምፕሬሰሩ ሲሠራ የጎደለው ቮልት ገመዱ ላይ ይቀራል። ኮምፕሬሰሩ ሲቆም ግን ያ 14.5 ሙሉውን ዕቃው ላይ ያርፋል። ይህ መቆጣጠሪያ ይችለዋል። በ12 ቮልት የሚሠራ ራውተር ወይም የሕክምና መሣሪያ ቢሆን ግን ምን እንደሚሆን አላውቅም ብሎ መሞከር ተገቢ አይደለም።

ያን ቀን ከሰዓት ሱቁን ዘግተን ገመዶቹን ራሳቸውን እንደ በሽተኛ መረመርናቸው።

ዘዴው ቀላል ነው፤ ብዙ ሰው ሲጠቀምበት ግን አላየሁም። ፓወር ሰፕላያችን 30 ቮልት 10 አምፒር የሚሰጥ፣ አምፒሩንም የሚገድብ ነው። መጀመሪያ ምንም ሳይታሰርበት ቮልቱን 3 ላይ፣ የአምፒሩን ገደብ 5 ላይ አደረግን። 5 ያልንበት ምክንያት ይህ ኮምፕሬሰር በእኛ ሙቀት፣ የውስጡ ዕቃ ገና ሳይቀዘቅዝ፣ ወደዚያ ስለሚጠጋ ነው። ከዚያ የሁለቱን ገመዶች ሩቅ ጫፍ አንድ የነሐስ ብሎን ላይ አገናኘናቸው። ያው ሾርት ነው። ፓወር ሰፕላዩ ግን ገደብ ስላለው 5 አምፒር ላይ ይቆማል፤ «ሲሲ» የምትለዋ መብራት በርታ ትታያለች። አሁን ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቮልት በሙሉ ገመዱና ማያያዣዎቹ የሚበሉት ነው።

ስክሪኑ 2.1 አለ።

አምስት አምፒር ሲያልፍ 2.1 ቮልት በመንገድ ይቀራል። 12.5 ሲቀነስ 2.1፣ 10.4። መቆጣጠሪያው የሚያቆምበት ቁጥር እሷው ናት። ልጁ ሂሳቡን በወረቀት ጻፈና ዝም ብሎ አየኝ። ሁለቱም መቆጣጠሪያዎች፣ አሮጌውም አዲሱም፣ እውነቱን ሲነግሩን ነበር።

(አንድ ነገር በብርቱ ላሳስብ። ይህን ሾርት የአምፒር ገደብ በሌለው ፓወር ሰፕላይ አትሞክሩ። በባትሪ ደግሞ ፈጽሞ። የመኪና ባትሪ ገደብ አያውቅም፤ ገመዱንም እጃችሁንም ያቃጥላል።)

ቀጥሎ የት የት እንደሚቀር ፈለግን። 5 አምፒሩ እያለፈ የቴስተሩን አንድ ጫፍ የተርሚናሉ ብረት ላይ፣ ሌላውን እዚያው አጠገብ ሽቦው ላይ። ከዚያ ከሽቦው መጀመሪያ እስከ መጨረሻው። ከዚያ ከሽቦው እስከ ክሊፑ (ጫፉ ላይ ያለው መንከሻ)፣ ከክሊፑ እስከ ብሎኑ። በቀይ በኩል ተርሚናሉ ላይ ብቻ 0.80 ቮልት ቀርቷል። ሽቦው ራሱ 0.26፣ ክሊፑ 0.34። በጥቁር በኩል ክሊፑ 0.38፣ ሽቦው 0.26፣ ተርሚናሉ 0.11።

0.80 ቮልት በ5 አምፒር 4 ዋት ነው። ትንሽ ይመስላል። ግን አራት ዋት የጣት ጫፍ በምታህል ቦታ ላይ ሲከማች ፕላስቲክ ያለሰልሳል። የሸተተን እሱ ነው።

ቀዩን ቆብ ፈታነው። የሽቦው ጫፍ በመሐሉ ብረት ላይ የተጠመጠመው ወደ ግራ ነው። ቆቡ የሚጠብቀው ወደ ቀኝ ነው። ስለዚህ ቆቡን ባጠበቅነው ቁጥር ሽቦውን ወደ ውጭ ሲገፋው ኖሯል። ከአሥራ ስድስቱ ቀጫጭን ክሮች ያልተበጠሱት አምስት ብቻ ነበሩ፤ በጥርስ ስለተላጠ መሆን አለበት፣ ይህን ሁላችንም አድርገነዋል። የክሮቹ ማነስ ብቻውን ግን ያን ያህል ቮልት አይበላም። ዋናው ነገር የሽቦው ልባስ ከቆቡ ሥር ገብቷል። ቆቡ ጠብቆ የያዘው ፕላስቲኩን ነው። መዳቡ ላይ ያረፈው ግፊት ከስም ያለፈ አልነበረም። መዳቡም በሙቀቱ ጠቁሯል።

ክሊፖቹም ሌላ ጉድ ናቸው። የጎማ ሽፋናቸውን ወደ ኋላ ስንስበው ሽቦው በሊድ አልተበየደም። ወደ ልባሱ ታጥፎ፣ ከልባሱ ጋር በቆርቆሮ ተጨምቆ ነው የተያዘው። እንዲህ ያለ ክሊፕ እዚሁ ድሬዳዋ ካለው ታይዋን ገበያ በደርዘን ይገዛል። ለኤልኢዲ መፈተሻ፣ ለትንሽ ሲግናል ይበቃል። ለ5 አምፒር የሚታመን አይደለም። ሽቦው ደግሞ 0.5 ካሬ ሚሊሜትር ነው፣ በአንድ ሜትር 35 ሚሊኦም ገደማ አለው። አንድ ሜትር ተኩል ሲሄድና ሲመለስ ብቻውን ግማሽ ቮልት ይበላል።

ጥቁሩን ተርሚናል ልንፈታ ስንል ደግሞ ተርሚናሉ ራሱ አብሮ ዞረ። ከፓነሉ ጀርባ ያለው ዳዶ ላልቷል። ይህ እንደ ቀላል የሚታለፍ አይደለም። ተርሚናሉ በዞረ ቁጥር የውስጡ ሽቦም አብሮ ይጠመዘዛል፣ አንድ ቀን ይበጠሳል ወይም ሌላ ነገር ይነካል። ፓወር ሰፕላዩን ከሶኬት ነቅለን፣ የውስጡ ካፓሲተሮች እስኪፈሱ ጠብቀን ከፈትነው። የውስጡን ላግ (ሽቦው ጫፍ ላይ የሚጨመቀውን የብረት ማያያዣ) አስተካክለን፣ ጥርስ ያላትን ሮንዴላ አስገብተን ዳዶውን አጠበቅን።

አዲስ ገመድ ልንሠራ ስንል አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ገቡ። ምድር ባቡር ጋራዥ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሰው ናቸው። ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. እዚህ ደርሶ ነው ድሬዳዋ ድሬዳዋ የሆነችው፤ በከተማው እጅ ሥራ ከሚያውቁት ብዙዎቹ ከዚያ ጋራዥ የወጡ ወይም ከዚያ ከወጣ ሰው የተማሩ ናቸው። ልጁ የሽቦውን ጫፍ በካውያ ሊድ እየቀባ ነበር። ክሮቹ እንዳይበታተኑ ብሎ ነው፤ ብዙዎቻችን እንዲህ ነው የተማርነው።

«ምን እያደረግህ ነው?» አሉት።

«ጋሼ፣ እንዲጠነክር ሊድ እያበላሁት ነው።»

«በብየዳ የሚያልቅ ከሆነ አብላው። ብሎን የሚረግጠው ከሆነ ግን ተወው። ሊድ ብሎን ሥር ይተኛል።»

ሊድ ይተኛል ያሉት ልክ ነው። ሊድ ለስላሳ ብረት ነው። ብሎን ሲጫነው ቀስ እያለ፣ በሳምንትና በወር፣ ከግፊቱ ይሸሻል። ዛሬ ያጠበቅኸው ብሎን ማንም ሳይነካው ነገ ላልቶ ታገኘዋለህ። ሲሞቅ ደግሞ ይብሳል። ያልተቀባ የመዳብ ክር ግን ሲጫኑት ይጠጋጋል፣ ግፊቱንም ይዞ ይቆያል። ከሁሉ የሚሻለው ጫፉን በላግ ወይም ክሩን በምትሰበስብ ትንሽ ቱቦ መጭመቅ ነው። ሽማግሌው ላግን በፈረንሳይኛው «ኮስ» ነው የሚሉት፣ ከጋራዡ ይዘውት የቀሩት ቃል ነው።

እንዲህ ሠራነው። 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ፣ ብዙ ክር ያለው ለስላሳ ገመድ፣ ቀይና ጥቁር፣ አንድ አንድ ሜትር። በፓወር ሰፕላዩ በኩል አፉ እንደ ሹካ የተከፈተ ላግ። ሹካ የመረጥነው ቆቡን ሙሉ በሙሉ ሳንፈታ እንዲገባ ነው። የላጉ አፍ ከመሐሉ ብረት ጋር በልኩ መሆን አለበት፣ ሰፊ ከሆነ ጫፍ ጫፉን ብቻ ይነካል። በዕቃው በኩል 6.3 ሚሊሜትር የምትሰካ ጠፍጣፋ ተርሚናል፤ መቆጣጠሪያው የሚቀበለው እሷን ነው። ሁሉንም በክሪምፐር ጨመቅን። ፒንሳ ላግ መጭመቂያ አይደለም፤ ላጉን ያጎብጠዋል እንጂ መዳቡን አጥብቆ አይዝም። ከጨመቅን በኋላ እያንዳንዱን በእጅ አጥብቀን ሳብነው። አንዱ ወጣ። ቆርጠን ደገምነው።

ለሌላው ሥራ፣ ቶሎ ቶሎ ለሚነቀል፣ 4 ሚሊሜትር ባናና ፕለግ ያላቸው ሌላ ጥንድ ገመዶች አዘጋጀን። ባናና ጥሩ ነገር ነው፣ ስፕሪንጉ ሕይወት ካለው። ሲገባ ምንም የማይታገል ባናና ካለህ ጣለው። ትልቅ አምፒር ለረጅም ሰዓት የሚሄድ ከሆነ ግን እኔ ዛሬም ላግና ቆብ ነው የምመርጠው።

መሐል ላይ ያለችው አረንጓዴዋ ተርሚናል ነገርም ትነሳ። ለብዙ ሰው ኔጌቲቭ ትመስለዋለች። አይደለችም፤ የሳጥኑ መሬት ናት። ዕቃህን በቀይና በአረንጓዴ መካከል ካሰርክ በብዙ ፓወር ሰፕላይ ላይ ምንም አይነሳም፣ አንተም እንደኛ የሌለ ችግር ስትፈልግ ትውላለህ።

አዲሱን ገመድ ያንኑ ፈተና አደረግንበት። 3 ቮልት፣ 5 አምፒር፣ ሁለቱ ጫፎች አንድ ላይ። ስክሪኑ 0.1 አለ። ከ2.1 ወደ 0.1። ፍሪጁን በአሮጌው በራሱ መቆጣጠሪያ፣ በ12.5 አስነሳነው። ኮምፕሬሰሩ እየሠራ እግሩ ላይ ለካሁ፣ 12.4። እስከ ማታ ሠራ። ኤልኢዲው አንድም ጊዜ ብልጭ አላለም።

ውድ የሆኑ ፓወር ሰፕላዮች ለዚህ ችግር ሌላ መፍትሔ አላቸው። ከሁለቱ ዋና ገመዶች ሌላ ሁለት ቀጫጭን የመለኪያ ገመዶች እስከ ዕቃው ይሄዳሉ፤ ማሽኑ እዚያ ያለውን ቮልት እያየ የጎደለውን ራሱ ይሞላል። የእኛ ይህ የለውም፣ የአብዛኛው ሱቅም የለውም። ደግሞም መጥፎ ማያያዣን አይጠግንም። ቮልቱ ይሞላል፣ ተርሚናሉ ግን መጋሉን ይቀጥላል።

አንድ ነገር ግን አሁንም ይከነክነኛል። ፍሪጁ እኛ ጋ ሲመጣ ደህና ከነበረ፣ እናትየው ቤት ለምን ይጠፋ ነበር?

በማግስቱ ቴስተሩንና የቀረውን ገመድ ይዘን ከፍሪጁ ጋር መልካ ጀብዱ ሄድን። ባትሪው ጓዳ ነው፣ ፍሪጁ በረንዳ። መሐላቸው ስድስት ሜትር ገመድ አለ፣ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር። በሁለት ቦታ ተቆርጦ፣ ተጠማዞ፣ በናስትሮ ተጠቅልሏል። አንዱን ናስትሮ ስፈታው መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። ፍሪጁን አስነስተን ለካን። ባትሪው ራስ ላይ 12.0፣ ፍሪጁ ጋ 10.3። ከዚያ ጠፋ። ጠረጴዛችን ላይ ያየነውን በሽታ ቁልጭ አድርገን አየነው። የእናትየው ቤትና የእኛ ሱቅ አንድ ዓይነት ሕመም ነበረባቸው። ጠረጴዛችን ጤነኛ ቢሆን ኖሮ ፍሪጁ በመጣበት ቀን ይሠራ ነበር፤ እኛም በዚያው ቀን «እናቴ፣ ፍሪጅዎ ደህና ነው፣ ገመዱን እንይ» እንል ነበር።

የኮምፕሬሰሩ መመሪያ ለ12 ቮልት በግልጽ ያስቀምጠዋል፦ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር እስከ 2.5 ሜትር፣ 4 ካሬ እስከ 4 ሜትር፣ 6 ካሬ እስከ 6 ሜትር። ስድስት ሜትር 6 ካሬ መዳብ ውድ ነው። ባትሪውን ብናቀርበው ይረክሳል። ከበረንዳው ግድግዳ ጀርባ፣ ፀሐይ ከማያገኘው ቦታ አስቀመጥነው። ሁለት ሜትር 4 ካሬ ገመድ፣ በሁለቱም ጫፍ ላግ፣ ባትሪው አጠገብ 15 አምፒር ፊውዝ። መሐል ላይ ምንም መጋጠሚያ የለም። ኮምፕሬሰሩ እየሠራ ከባትሪው እስከ ፍሪጁ የሚጎድለው 0.2 ቮልት ሆነ።

እናትየው ወዲያው የውሃ ጠርሙሶቹን መደርደር ጀመሩ። ስንት እንደሚከፍሉ ጠየቁኝ። የገመዱንና የላጉን ዋጋ ብቻ ተቀበልኩ። ያ አዲስ መቆጣጠሪያ የእኔ ዕዳ ነው፤ ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ ሱቄ መደርደሪያ ላይ አለ። አጠገቡ ሚስማር ላይ አሮጌዎቹ ሁለት ገመዶች ተሰቅለዋል። ልጁ ናስትሮ ጠቅልሎባቸው በማርከር «2.1» ብሎ ጽፎባቸዋል። አዲሶቹን ደግሞ ሰኞ ሰኞ ጠዋት፣ ሱቁ ሲከፈት፣ ጫፋቸውን አገናኝቶ በ5 አምፒር ያያቸዋል። ባለፈው ሰኞ 0.1 ነበሩ።